የገመድ አልባ ድራይቨር ሞጁል (ሊኑክስ)

የገመድ አልባ ድራይቨር ሞጁል በሊኑክስ ላይ የዋይፋይ ካርድን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኝ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ወደ ሜሞሪ የሚጫን የፕሮግራም ክፍል ነው። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም እንደ ፍላጎቱ መርጦ ራሱ ኮምፓይል ሊያደርገው ይችላል። ብዙ ጊዜ ታዲያ አዲሱ ከርነል በሰላም ይነሳና ዋይፋዩ ብቻ ይጠፋል።

ሞጁል የሚሠራው በአብዛኛው ለተዘጋጀለት ከርነል ብቻ ነው። በውስጡ «ቨርማጂክ» የሚባል መለያ አለ፤ የከርነሉን ስሪትና አንዳንድ የኮምፓይል ምርጫዎችን ይይዛል። መለያው ካልገጠመ ከርነሉ ሞጁሉን አይቀበልም፤ ስለዚህ ከድሮው ከርነል መቅዳት አያዋጣም። ሞጁሎቹ ከአዲሱ ከርነል ጋር ኮምፓይል ተደርገው «ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል» በሚለው ትእዛዝ ይጫናሉ። የከርነሉን ፋይል ብቻ ቀድቶ ይህን ደረጃ መዝለል የተለመደ ነው።

ምርጫውም ጥንቃቄ ይሻል። «ሲኤፍጂ80211» እና «ማክ80211» የተሰኙት መሠረቶች ካልተመረጡ በእነሱ ላይ የቆሙት ድራይቨሮች በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታዩም። «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ሥራውን ያቀላል፤ ነገር ግን የሚያስቀረው በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ነው። የዩኤስቢ ዋይፋይ ያኔ ተነቅሎ ከነበረና ሞጁሉም ካልተጫነ ድራይቨሩ ከአዲሱ ከርነል ይቀራል።

ድራይቨሩ ተጭኖም ካርዱ ዝም ሊል ይችላል። የኢንቴል ካርዶች «ሊብ ፈርምዌር» ከሚባለው ማውጫ የሚነበብ ፈርምዌር ይፈልጋሉ፤ ይህ ከከርነሉ ተለይቶ የሚመጣ ፋይል ነው። «ኤቲኤች9ኬ»ን የሚጠቀሙ የፒሲአይ አቴሮስ ካርዶች ግን አያስፈልጋቸውም። ድራይቨሩን በሞጁል መልክ መተው የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ከርነሉ ውስጥ በቋሚነት ከተካተተ፣ ፈርምዌሩ ያለበት ዲስክ ገና ሳይከፈት ፋይሉን ፈልጎ ሊያጣው ይችላል።

አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ውጭ ያለ «ደብልዩኤል» የተባለ ድራይቨር ይጠቀማሉ። ይህ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መሠራት አለበት። በዴል የተጀመረው «ዲኬኤምኤስ» ይህን በራሱ ያከናውናል፤ የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ግን መኖር አለባቸው።

ዋይፋይ ከጠፋ የጎደለውን ማውረድም አይቻልም። ስለዚህ የድሮውን ከርነል ከግረብ ዝርዝር አለማጥፋትና ፈርምዌሩን አስቀድሞ ማውረድ ይመከራል። ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል፤ ለብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ግን «አርኤንዲአይኤስ ሆስት» የተባለው ሞጁል በአዲሱ ከርነል ውስጥ አብሮ መመረጥ አለበት።