ፊርማና የሚስጥር ቁጥር፦ የክሬዲት ካርድ ጥበቃ እንዴት ይሠራል?

ክሬዲት ካርድ ባንክ ወይም ሌላ የገንዘብ ተቋም ለደንበኛው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ብድር ፈቅዶ የሚሰጠው፣ ደንበኛውም ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ የሚገበያይበትና ዕዳውን ኋላ የሚከፍልበት መሣሪያ ሲሆን፣ ከደንበኛው ተቀማጭ ላይ ወዲያውኑ ከሚቀንሰው ዴቢት ካርድ የሚለየውም በዚሁ የብድር ባሕርዩ ነው። ካርዱ በሱቅ ውስጥ ለክፍያ በቀረበ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው፤ አንደኛው ካርዱ በእርግጥ ባንኩ የሰጠው ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ካርዱን የያዘው ሰው ባለቤቱ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ነው። ፊርማም ሆነ በተለምዶ ፒን የሚባለው የሚስጥር ቁጥር የሚመልሱት ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው ካርዱ በተሠራበት ቴክኖሎጂ ነው። ስለ ካርድ ደኅንነት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደበላለቀው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው ስለማይታዩ ነው።

ፊርማ ከካርዱ ጋር አብሮ የመጣ ማረጋገጫ ነው። ዳይነርስ ክለብ የተባለው የካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 በኒውዮርክ ሲመሠረት፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካም በ1958 በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከተማ ኋላ ቪዛ የሚለውን ስም የያዘውን ካርድ ማሠራጨት ሲጀምር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በሱቅና በባንክ መካከል መረጃ በቅጽበት የሚያመላልስ መሥመር አልነበረም። ቀስ በቀስ በተስፋፋው አሠራር መሠረት ገንዘብ ተቀባዩ ካርዱን በእጅ በሚንቀሳቀስ መጫኛ ላይ አስቀምጦ፣ ጎላ ብለው የተቀረጹትን ቁጥርና ስም በካርቦን ወረቀት አማካይነት በደረሰኝ ላይ ካተመ በኋላ ደንበኛውን ያስፈርማል፤ ከዚያም ፊርማውን ከካርዱ ጀርባ ካለው ጋር አመሳክሮ ደረሰኙን ወደ ባንክ ይልካል። ስለዚህ ፊርማው ሁለት ሥራ ነበረው፤ በአንድ በኩል የያዡን ማንነት መለያ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ደንበኛው ዕዳውን ለመክፈል መስማማቱን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ነበር።

በሁለተኛው ሥራው ፊርማ ጠቃሚ ቢሆንም በመጀመሪያው ግን ደካማ ነበር። በኢትዮጵያ ባንኮች ቅርንጫፍ ውስጥ በቁጠባ ደብተር ወይም በቼክ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ፊርማ ሲመሳከር፣ የፊርማው ናሙና የሚገኘው በባንኩ እጅ ስለሆነ ደብተሩን የሰረቀ ሰው ናሙናውን አብሮ አያገኝም፤ በካርድ አሠራር ግን ናሙናው የሰፈረው በራሱ በካርዱ ጀርባ ላይ በመሆኑ ሌባው ካርዱን ሲሰርቅ የሚለማመድበትንም ፊርማ አብሮ ይወስዳል። ካርዱ ገና በፖስታ ሲላክ ከተሰረቀ ደግሞ የፊርማው ቦታ ባዶ ስለሚሆን ሌባው የራሱን ፊርማ አስፍሮበት ያለ ችግር ይገለገልበታል። በዚህ ላይ የማመሳከሩ ኃላፊነት የተጣለው በፊርማ ምርመራ ባልሠለጠነና ረጅም ሰልፍ በሚጠብቀው ገንዘብ ተቀባይ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም ቢሆን ለረጅም ጊዜ አስተማማኝ አልነበረም። የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ፎረስት ፓሪ በ1960ዎቹ መግነጢሳዊ ጥብጣብን ከፕላስቲክ ካርድ ጋር የማዋሃድ ዘዴ ካስገኘ በኋላ፣ የካርዱ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስምና የአገልግሎቱ ማብቂያ ቀን በካርዱ ጀርባ ባለው ጥቁር መስመር ላይ መመዝገብ ጀመሩ። ይህ መረጃ ከአንዱ ክፍያ ወደ ሌላው የማይለዋወጥ በመሆኑ አንድ ጊዜ በትንሽ ማንበቢያ መሣሪያ የቀዳው ሰው በሌላ ባዶ ካርድ ላይ ሊገለብጠው ይችላል፤ ማሽኑም ዋናውን ከቅጂው የሚለይበት መንገድ የለውም።

የሚስጥር ቁጥር የተገኘው ከሱቅ ሳይሆን በተለምዶ ኤቲኤም ከሚባለው ገንዘብ ማውጫ ማሽን ነው። ባርክሌስ ባንክ በጁን 27 ቀን 1967 በለንደን ኤንፊልድ ሠፈር የመጀመሪያውን ገንዘብ ማውጫ ማሽን ሲያቆም፣ በማሽኑ ዘንድ ፊርማ የሚያመሳክር ሠራተኛ ስለሌለ ማንነትን የሚያረጋግጥ ሌላ ዘዴ አስፈልጎ ነበር። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎ ካርድን ከሚስጥር ቁጥር ጋር ለሚያጣምር ሥርዓት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገብቶ የነበረ ሲሆን፣ የኤንፊልዱን ማሽን የፈለሰፈው ጆን ሼፐርድ ባረን ደግሞ በመጀመሪያ ስድስት አኃዝ አስቦ ባለቤቱ ከአራት በላይ ማስታወስ እንደማትችል ስለነገረችው ወደ አራት ዝቅ እንዳደረገው ተናግሯል።

አራት አኃዝ 10,000 የተለያዩ ቁጥሮችን ያስገኛል። ባንኮች ብዙውን ጊዜ ከሦስት የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ካርዱን ስለሚዘጉ፣ ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ ከሆነ የሌባው ዕድል ከ10,000 ሦስት ብቻ ነው። ይህ ስሌት የሚፈርሰው ሰዎች 1234ን፣ ተመሳሳይ አኃዞችን ወይም የትውልድ ዘመናቸውን ሲመርጡ ነው፤ በተለይ ካርዱ የተሰረቀው የትውልድ ቀን ከሰፈረበት መታወቂያ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ሦስቱ ሙከራዎች ለሌባው በቂ ሊሆኑ ይችላሉ።

የካርዱን እውነተኛነት በማረጋገጥ በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቺፕ ነው። ፈረንሳዊው ሮላን ሞሬኖ በ1974 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ከጠየቀበት በኋላ የፈረንሳይ ባንኮች ቴክኖሎጂውን ቀድመው ተቀብለው በ1992 መጨረሻ ሁሉም ካርዶቻቸው ቺፕ እንዲኖራቸው አድርገዋል። ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጋራ ያወጡት፣ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኢኤምቪ የሚባለው ደረጃ ቺፑን ዓለም አቀፍ አደረገው። ቺፑ በውስጡ ተነብቦ ሊወጣ የማይገባው የምስጠራ ቁልፍ የያዘ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ክፍያ ሲፈጸም የገንዘቡን መጠን፣ ማሽኑ በዘፈቀደ ያወጣውን ቁጥርና የራሱን የክፍያ ቆጠራ አንድ ላይ አድርጎ በዚያ ቁልፍ በማስላት ለዚያ ክፍያ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ያመነጫል፤ ባንኩም ተመሳሳይ ቁልፍ ስላለው ኮዱን አስልቶ ያረጋግጣል። ይህን ኮድ የሰረቀ ሰው ለሌላ ክፍያ ሊጠቀምበት ስለማይችል ካርድ ቀድቶ ማባዛት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ።

በቺፕ ካርድ ላይ ፒን በሁለት መንገድ ይረጋገጣል። አንደኛው በሱቅ ያለው የክፍያ ማሽን (ፖስ) ቁጥሩን አመስጥሮ ወደ ካርድ ሰጪው ባንክ የሚልክበትና ባንኩ የሚያረጋግጥበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ቁጥሩ ለራሱ ለቺፑ ቀርቦ ቺፑ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚመልስበት ነው። ሁለተኛው መንገድ የስልክ መሥመር ውድ በነበረበትና ሱቆች ለእያንዳንዱ ክፍያ ባንኩን በማይጠይቁበት በአውሮፓ የተለየ ጥቅም ነበረው።

እንግሊዝ ቺፕንና ፒንን አጣምራ በ2003 በኖርዛምፕተን ከተማ ከሞከረች በኋላ ከፌብሩዋሪ 14 ቀን 2006 ጀምሮ በሱቅ ክፍያ ላይ ፒን ማስገባት መደበኛ አሠራር ሆነ። አሜሪካ ግን ወደ ቺፕ የገባችው በጣም ዘግይታ ነው። በ2013 መጨረሻ ታርጌት ከተባለው የሱቆች ድርጅት የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ መሰረቁ ውይይቱን ካፋፋመው በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በኦክቶበር 2014 ባወጡት ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት ካርዶች ቺፕና ፒን እንዲኖራቸው ያዘዙ ሲሆን፣ የካርድ ኩባንያዎቹም ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ቺፕ የማያነብ ማሽን የያዘ ነጋዴ በተጭበረበረ ካርድ የሚደርሰውን ኪሳራ ራሱ እንዲሸከም ወሰኑ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የአሜሪካ ባንኮች ለክሬዲት ካርድ የመረጡት ቺፕን ከፊርማ ጋር ነው።

ለዚህ ምርጫ በርካታ ምክንያቶች ነበሩ። ብዙ አሜሪካውያን ከአንድ በላይ ክሬዲት ካርድ ስለሚይዙ፣ ደንበኛው ፒኑን ረስቶ በሌላ ባንክ ካርድ እንዳይከፍል እያንዳንዱ ባንክ ይሰጋ ነበር። በምግብ ቤት አስተናጋጁ ካርዱን ወደ ውስጥ ወስዶ ካስከፈለ በኋላ ደንበኛው ጉርሻውን በደረሰኙ ላይ ጽፎ መፈረሙ የተለመደ በመሆኑ፣ ፒን ቢመጣ ማሽኑን ወደ ጠረጴዛ ማምጣት ያስፈልግ ነበር። ክፍያዎች በመሥመር ወዲያውኑ ወደ ባንክ ስለሚላኩም አጠራጣሪውን ግዢ በኮምፒውተር ለይቶ ማስቆም ይቻላል የሚል እምነት ነበር። ከምርጫው የተነሣ ፊርማ ብቻ የሚቀበል ካርድ የያዙ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የሚጓዙ ሰዎች፣ ሠራተኛ በሌለበት የባቡር ትኬት ወይም የነዳጅ ማሽን ላይ ካርዳቸው የማይሠራበት ጊዜ ነበር። በኤፕሪል 2018 ዋና ዋናዎቹ የካርድ ኩባንያዎች ነጋዴው ፊርማ የማስፈረም ግዴታ እንዳይኖርበት አድርገዋል፤ በፊርማው ፋንታ ፒን ስላልተተካ በብዙ ክፍያዎች ላይ ሁለተኛው ጥያቄ በሱቁ ውስጥ መጠየቁ ቀርቷል።

ፒንም ቢሆን ጉድለት የሌለው ጥበቃ አይደለም። በ2010 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካርዱና በማሽኑ መካከል በሚገባ መሣሪያ አማካይነት ማሽኑ ትክክለኛ ፒን ገብቷል ብሎ እንዲያምን፣ ቺፑ ደግሞ ክፍያው በፊርማ እየተፈጸመ ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ይህም ማለት ፒኑን የማያውቅ ሌባ የተሰረቀ ካርድ ሊጠቀም ይችል ነበር ማለት ነው። ቀዳዳው የተገኘው ደረጃው ሁለቱንም ዘዴዎች እንዲያስተናግድ ሆኖ በመነደፉ ሲሆን፣ ባንኩ የካርዱንና የማሽኑን ምላሽ ካነጻጸረ ሊደረስበት ይችላል። ቀለል ያለው ስርቆት ደግሞ በትከሻ ላይ አጮልቆ በማየት ወይም ከኤቲኤም ቁልፎች በላይ በተደበቀ ካሜራ ቁጥሩን መቅዳት ነው። በኢንተርኔት ግብይት ቺፑም ፒኑም አገልግሎት ስለማይሰጡ ሱቅ የተዘጋበት አጭበርባሪ ወደዚያው ዞሯል፤ ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለኢንተርኔት ክፍያ በመርሕ ደረጃ ሁለት ዓይነት ማረጋገጫ ይጠይቃል።

ከቴክኒኩ ያልተናነሰው ጉዳይ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ደንበኛው ፊርማው የእኔ አይደለም ብሎ ሲከራከር ከሌላ ፊርማ ጋር የሚነጻጸር ወረቀት አለ፤ ፒን የገባበት ክፍያ ግን የጣት ምልክት አይተውም፣ ባንኩም ቁጥሩን አንተ ካልነገርክ ማን ሊያውቀው ይችላል ብሎ ጥፋቱን ወደ ደንበኛው ሊገፋ ይችላል። የአሜሪካ ሕግ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በተፈጸመ የክሬዲት ካርድ ክፍያ የደንበኛውን ኃላፊነት ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ በዴቢት ካርድ ግን ደንበኛው የካርዱን መጥፋት ለማስታወቅ በዘገየ መጠን ኃላፊነቱ ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ካርዱ ጥቅም ላይ መዋሉ ብቻውን ደንበኛው ክፍያውን ለመፍቀዱ የግድ በቂ ማስረጃ እንደማይሆን ደንግጓል።

በኢትዮጵያ በብዛት በሥራ ላይ የሚገኘው ዴቢት ካርድ ሲሆን፣ በኤቲኤምም ሆነ እንደ ቴሌብር ባሉ የስልክ ክፍያዎች ደንበኛው የሚጠየቀው ፒን ስለሆነ ቁጥሩን የመጠበቅ ልማድ ለብዙዎች አስፈላጊ ሆኗል። ከሁለቱ ዘዴዎች የተሰረቀ ካርድ በሱቅና በኤቲኤም ጥቅም ላይ እንዳይውል በመከልከል ረገድ ፒን ከፊርማ በግልጽ ይበልጣል፤ ደንበኛውን የሚጠቅመው ግን የኃላፊነት ሕጉ አብሮ ሲጠብቀው ነው። ስለሆነም ባለካርዱ ከትውልድ ዘመኑ የተለየ ቁጥር ቢመርጥ፣ ሲያስገባ በሌላ እጁ ቢሸፍነው፣ ከካርዱ ጋር ጽፎ ባያስቀምጠው፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ደዋይም ቢሆን ባይነግረውና ካርዱ ሲጠፋበት ሳይውል ሳያድር ለባንኩ ቢያስታውቅ ራሱን ከአብዛኛው ጉዳት ይጠብቃል።