ከሐኪሙ ትከሻ ጀርባ የቆሙት የቤተ ሙከራ ረዳት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1944 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አንዲት የ15 ወር ሕፃን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ክብደቷ ከ5 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ደሟ በቂ ኦክስጅን ስለማያገኝ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሰማያዊ ቀለም ይዘዋል። ቀዶ ሕክምናውን የመሩት የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አልፍሬድ ብላሎክ ነበሩ። ይሁን እንጂ ዶክተሩ በየመሃሉ፣ መረገጫ ላይ ቆመው ከትከሻቸው በላይ የሚመለከቱትን አንድ ሰው ይጠይቁ ነበር፤ ስፌቱ በበቂ ሁኔታ ተቀራርቧል? የመርፌው አቅጣጫስ ትክክል ነው?

የሚጠየቁት ሰው ሐኪም አልነበሩም፤ የኮሌጅ ትምህርት የማጠናቀቅ ዕድልም አላገኙም። ስማቸው ቪቪየን ቶማስ ሲሆን ሥራቸው የቀዶ ሕክምና ምርምር ቤተ ሙከራ ረዳትነት ነበር። ለመሆኑ አንድ የቤተ ሙከራ ረዳት ለፕሮፌሰር መምህር ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከታሪክም ከፊዚክስም አኳያ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የረዳትነት ሥራ ምንድን ነው?

በ1910 የተወለዱት ቶማስ ያደጉት በቴኔሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ነው። ከአባታቸው የአናጢነት ሙያ ተምረዋል። ሐኪም ለመሆን አስበው ለኮሌጅ ገንዘብ ያጠራቅሙ ነበር፤ ነገር ግን በ1929 የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራቸውን አሳጣቸው፤ ጥቂት ቆይቶም ገንዘባቸውን ያስቀመጡበት ባንክ ወደቀ። በ1930 መጀመሪያ፣ ገና በ19 ዓመታቸው፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ብላሎክ ቤተ ሙከራ ተቀጠሩ።

በዚያ ዘመን በነበረው የዘር መድልዎ ምክንያት በደመወዝ መዝገቡ ላይ የተመደቡት በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። የሚሠሩት ግን ሌላ ነው፤ እንስሳውን በማደንዘዣ ያስተኛሉ፣ ቀዶ ሕክምናውን ያከናውናሉ፣ የደም ግፊት ይለካሉ፣ የኬሚካል ምርመራ ያካሂዳሉ፣ ውጤቱንም ይመዘግባሉ። አናጢ እንጨቱን ሳይለካ እንደማይቆርጥ ሁሉ እርሳቸውም ቁጥር በሌለበት አይወስኑም ነበር።

ፍርድ የሰጠው ሚዛን

ቤተ ሙከራው በመጀመሪያ ያተኮረው «ሾክ» በሚባለው ሁኔታ ላይ ነበር። ክፉኛ የቆሰለ ሰው ብዙ ደም ሲፈስሰው ባይታይም እንኳ የደም ግፊቱ አሽቆልቁሎ ሊሞት ይችላል። ለምን? በወቅቱ ሰፊ ተቀባይነት የነበረው አስተሳሰብ የተጎዳው ሥጋ መርዝ ያመነጫል የሚል ነበር።

ብላሎክ ጥያቄውን ወደ ክብደት ጥያቄ ለወጡት። በማደንዘዣ ሥር ባለ ውሻ የተጎዳውን እግር ካልተጎዳው ጋር በሚዛን አነጻጸሩ። ልዩነቱ ከደም ዝውውር ወጥቶ በተጎዳው ሥጋ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ነው። መጠኑም ለግፊቱ መውደቅ በቂ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ቶማስ ከተቀጠሩ በኋላ ሙከራው በብዙ ዓይነት መልኩ ቀጠለ። ነገሩ በፊዚክስ ዓይን ግልጽ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ የጎደለውን መተካት፣ ማለትም ደም ወይም ፕላዝማ መስጠት ነው። ይህ ግንዛቤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ብዙ ወታደሮች ሕይወት መትረፍ ምክንያት ሆኗል።

ያልተሳካው ሙከራ

በ1938 ብላሎክና ቶማስ ሌላ ሙከራ አደረጉ። ወደ ክንድ ደም የሚወስደውን ቧንቧ ወደ ሳንባ ደም ከሚወስደው ቧንቧ ጋር በስፌት አገናኙ። ዓላማው በሳንባ ውስጥ ከፍተኛ የደም ግፊት መፍጠር ነበር። አልተሳካም። ውጤቱ ግን ተመዝግቦ ተቀመጠ።

ሁለቱም በ1941 ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ተዛወሩ። በ1943 የሕፃናት ልብ ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ታውሲግ ስለ «ሰማያዊ ሕፃናት» ችግር አማከሯቸው። እነዚህ ሕፃናት ከልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፤ በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከልም ቀዳዳ አለ። በዚህም የተነሳ ብዙው ደም ሳንባ ሳይደርስ፣ ኦክስጅን ሳይቀበል፣ ተመልሶ ወደ ሰውነት ይሄዳል። ወደ ሳንባ ተጨማሪ ደም የሚወስድ ሌላ መንገድ ማበጀት ይቻል ይሆን? መልሱ በ1938ቱ ሙከራ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

አራተኛው ኃይል

ደም የሚፈሰው በግፊት ልዩነት ነው። በጤናማ አዋቂ ሰው በዋናዎቹ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ያለው አማካይ ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በሳንባው ቧንቧ ግን 15 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ከተገናኙ ደሙ ያለ ምንም ፓምፕ ወደ ሳንባው ይወርዳል።

ምን ያህል ይወርዳል? ፈረንሳዊው ሐኪምና ፊዚሲስት ፑዋዜይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፍሰት ከሬዲየሱ አራተኛ ኃይል ጋር ይመጣጠናል። የቱቦው ስፋት ከ3 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ፍሰቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። በእርግጥ ደም በትርታ ስለሚሄድና መገናኛውም አጭር ስለሆነ ሕጉ እዚህ ላይ ግምታዊ ብቻ ነው፤ መልእክቱ ግን አይለወጥም። መገናኛው ከጠበበ ፍሰቱ ያንሳል፣ ደሙም ረግቶ ሊዘጋው ይችላል፤ ከሰፋ ደግሞ ሳንባው በደም ይጥለቀለቃል፣ ልብም ይደክማል። የሕፃኗ ሕይወት የተንጠለጠለው በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ ነበር ማለት ነው።

ይህን ጥንቃቄ በእጅ ሥራ መተርጎም የቶማስ ድርሻ ሆነ። በመጀመሪያ የሕፃናቱን ሁኔታ የሚመስል የኦክስጅን እጥረት በውሾች ላይ መፍጠር፣ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምና ማሻሻል ነበረባቸው። ሥራው ወደ 200 የሚጠጉ ውሾችን ጠይቋል። (ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለው ጥናት የእንስሳትን አያያዝ የሚቆጣጠር ኮሚቴ ሳይፈቅድ አይጀመርም።) ለሕፃን ቧንቧ የሚሆን መርፌ ስላልነበረ ትልልቆቹን መርፌዎች አሳጥረው በመሳል አዘጋጁ። በዚያች የኖቬምበር ቀን መረገጫው ላይ የቆሙት ከሁሉም በላይ ስፌቱን ደጋግመው የሠሩት እርሳቸው ስለነበሩ ነው።

ሕፃኗ ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ወጣች፤ ከወራት በኋላ ግን አረፈች። ከእርሷ በኋላ የመጡት ሌሎች ሕፃናት ከንፈራቸው ቀልቶ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዘዴው ዓለምን አዳረሰ።

ያልተጻፈው ስም

በ1945 የወጣው የምርምር ጽሑፍ የብላሎክንና የታውሲግን ስም ይዟል። የቶማስ ስም አልነበረበትም። ዘዴውም ለብዙ ዓመታት በሁለቱ ሐኪሞች ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። ቶማስ ግን ለወጣት ቀዶ ሐኪሞች ስፌት ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ዩኒቨርሲቲው በ1976 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ ዲግሪው የሕክምና ሳይሆን የሕግ ነበር። በቀዶ ሕክምና መምህርነትም ተሾሙ። በ1985 አረፉ። ዛሬ በርካታ ሐኪሞች ዘዴውን የብላሎክ-ቶማስ-ታውሲግ መገናኛ ብለው ይጠሩታል።

እኔም ውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን ስሠራ የቫክዩም መሣሪያዬ ለወራት አየር እያስገባ አስቸግሮኝ ነበር። ቀዳዳውን ያገኙት አንድ አዛውንት የቤተ ሙከራ ረዳት ናቸው፤ ፓምፑ የሚያሰማውን ድምፅ አዳምጠው ብቻ። በመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ ስማቸውን ያስገባሁት በመጨረሻው መስመር ነው። የቶማስን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ መስመር ትዝ ይለኛል፤ አፍርበታለሁም።

ውድ ተማሪዎች፣ የቤተ ሙከራ ሰዓት ነጥብ ለማሟላት ብቻ የሚገባበት አይደለም። ፑዋዜይ ቀመሩን ሰጥቶናል፤ አንድ ሚሊ ሜትርን በእጅ ጣት ማወቅ ግን ከቀመር አይገኝም። በሚቀጥለው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜያችሁ መሣሪያውን የሚያዘጋጁላችሁን ረዳት ቀርባችሁ ጠይቋቸው። የሪፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽ ስትጽፉም ስማቸውን አትዝለሉ።