ዋጋ በድንገት ሲወርድ፦ ስለ ዕለታዊ የአክሲዮን ንግድ ለተማሪዎችና ለወላጆች

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ተማሪዎቻችን፣ አንዳንዴም ወላጆች፣ ስለ «ትሬዲንግ» ይጠይቁናል። በሜኔሊክ አደባባይ ቅስቶች ሥር ባሉት ካፌዎች የሚቀመጡ ወጣቶችም ስለዚሁ ሲያወሩ ይሰማል። «አትንኩት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አያስተምርም። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም ዋጋ በድንገት ሲወርድ በነጋዴው ላይ ምን እንደሚደርስ፣ በቁጥር ለማስረዳት እንሞክራለን።

አክሲዮን የአንድ ኩባንያ የባለቤትነት ድርሻ ነው። ብዙ ወላጆቻችን በአገር ቤት የባንክ ወይም የኢንሹራንስ አክሲዮን ገዝቶ የዓመት ትርፍ ድርሻ መጠበቅን ያውቁታል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ አዲስ አበባ ላይ ሥራውን በይፋ ሲጀምር፣ በመጀመሪያ የተመዘገበው ድርጅት ወጋገን ባንክ ነበር። ዕለታዊ ንግድ ግን ከዚህ ይለያል። ዕለታዊ ነጋዴ የኩባንያውን የዓመት ትርፍ አይጠብቅም፤ የገዛውን በዚያው ቀን፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ሽጦ ከዋጋው ልዩነት ለማትረፍ ይሞክራል።

በስልክ ላይ የሚታየው ዋጋ የኩባንያው እውነተኛ ዋጋ አይደለም። የመጨረሻው ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ቁጥር ብቻ ነው። የጅቡቲን የቲማቲም ገበያ እናስብ። ጠዋት ገዢ ብዙ ነው፤ ዋጋው ይቆማል። ሙቀቱ ሲበረታ ገዢ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቲማቲሙም እንዳይበላሽ ሁሉም ሻጭ በአንድ ጊዜ «ልሽጥ» ይላል። ያን ጊዜ ዋጋው ደረጃ በደረጃ አይወርድም፤ የቀሩት ጥቂት ገዢዎች እስከሚሰጡት ድረስ በአንዴ ይወድቃል። አክሲዮንም እንዲሁ ነው። ክፉ ወሬ ሲሰማ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ይሸሻል፣ በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል።

የቅርብ ምሳሌ እንውሰድ። ኤንቪዲያ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉ ቺፖችን የሚነድፍ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዓርብ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ገበያው ሲዘጋ የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ 142.62 ዶላር ነበር። በእነዚያው ቀናት ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በአነስተኛ ወጪ ሠራሁት ያለው ሞዴል መነጋገሪያ ሆነ። «እንግዲህ ውድ ቺፕ ማን ይገዛል?» የሚል ፍርሃት ተሰራጨ። ሰኞ ጥር 19 ገበያው ሲከፈት ዋጋው ወደ 125 ዶላር ወርዶ ጀመረ፤ ሲዘጋ 118.42 ሆነ። ቅናሹ 17 በመቶ ነው። ከኩባንያው የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር ጠፋ፤ ይህም እስከዚያ ቀን በአሜሪካ ገበያ ታሪክ ትልቁ የአንድ ቀን ቅናሽ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ስለ መከላከያ ትእዛዝ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ስቶፕ ሎስ በሚባለው ትእዛዝ ይተማመናሉ፤ «ዋጋው 135 ከደረሰ ሽጥልኝ» ይላሉ። ነገር ግን ዋጋው ከ142 ወደ 125 የዘለለው ገበያው ተዘግቶ በቆየበት ጊዜ ነው። በመደበኛው ገበያ በ135 የገዛ ሰው ስላልነበረ ትእዛዙ የሚፈጸመው በ125 አካባቢ ነው። ትእዛዙ መሸጥን እንጂ ዋጋን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ብድር ነው፤ ዋናው ቁም ነገርም ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ሰኞ ማታ ገበያው እንደተከፈተ «ረክሷል፣ ይመለሳል» ብለው በ125 ዶላር ገዙ እንበል። ሁለቱም በእጃቸው 100 ዶላር አላቸው፤ በእኛ ገንዘብ 17,772 የጅቡቲ ፍራንክ ማለት ነው። የመጀመሪያው በገዛ ገንዘቡ ብቻ 0.8 አክሲዮን ገዛ። ሌሊት ገበያው ሲዘጋ 94.74 ዶላር ቀረው። ማክሰኞ ዋጋው አገግሞ በ128.99 ሲዘጋ ገንዘቡ 103.19 ሆነ። ሁለተኛው አንዳንድ መተግበሪያዎች በሚሰጡት ሃያ እጥፍ ሌቨሬጅ፣ ማለትም በብድር ኃይል፣ የ2,000 ዶላር አክሲዮን ያዘ፤ 16 አክሲዮን ነው። ዋጋው አንድ ዶላር በወረደ ቁጥር 16 ዶላር ይከስራል። 118.42 ሲደርስ ኪሳራው 105 ዶላር ያልፋል። አበዳሪው ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ መያዣው ሲያልቅ ሰውየውን ሳይጠይቅ ይሸጥበታል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም «ይመለሳል» ብለው የገመቱት ትክክል ነበር። በማግስቱ ተመልሷል። ሁለተኛው ግን ማክሰኞን አላያትም። በድንገተኛ ቅናሽ ጊዜ ሰውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የግምት ስህተት ብቻ አይደለም፤ እስከ ማግስቱ መቆየት አለመቻል ነው። በብድር የሚነግድ፣ ወይም ለቤት ኪራይና ለትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ገንዘብ ያስገባ ሰው፣ መቆየት አይችልም።

የሒሳብ ተማሪዎቻችን ደግሞ ይህን ያስሉ፦ ከ142.62 ወደ 118.42 ለመውረድ 17 በመቶ በቃ፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግን 20.4 በመቶ መውጣት ያስፈልጋል። ግማሹን ገንዘብ ያጣ ሰው የቀረውን እጥፍ ማድረግ አለበት። መውረድና መውጣት በመቶኛ እኩል አይደሉም።

መቸኮል ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ወድቆ አብዛኛውን ወዲያው መለሰ። በዚያች አጭር ጊዜ አክሰንቸር የተባለው ትልቅ ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ሳንቲም የተሸጠበት አጋጣሚ ነበር። «በተገኘው ዋጋ ሽጥ» ብሎ ማዘዝና «ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጥ» ብሎ ማዘዝ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያ ቀን አሳይቷል። በጣም የተዛቡት ሽያጮች በኋላ ተሰርዘዋል፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል፤ ልዩነቱ በገበያ የፈሰሰውን የሚለቅመው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

«የሚያተርፍስ የለም ወይ?» ቢባል፣ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። በብራዚል የዕለታዊ ነጋዴዎችን መዝገብ የመረመሩ ተመራማሪዎች ከ300 ቀናት በላይ በሥራው ከጸኑት ውስጥ 97 በመቶው እንደከሰሩ አግኝተዋል። ልምድ በራሱ አላዳናቸውም ማለት ነው።

በመጨረሻም ለቤተሰቦቻችን ጥቂት ምክር እንስጥ። የኒውዮርክ ገበያ ጥርን በመሰሉ ወራት በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ክፍት ነው። ይህ የጥናትና የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ የፈተና ውጤት እዚያም ይከስራል። «ገንዘቡን ላክልኝ፣ እኔ ነግጄ አተርፍልሃለሁ» የሚል ሰው በቴሌግራም ከመጣ የሚያቀርበው የአክሲዮን ገበያ ሳይሆን አመኔታችሁን ነው፤ አትላኩ። ለአገር ቤት ዘመድ፣ ለክፍያና ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ወደዚህ አይግባ።

ነገሩን ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ደግሞ ደብተር ይበቃዋል። አንድ አክሲዮን ይምረጥ፤ ለሦስት ወር በየቀኑ «ዛሬ ብገዛ፣ ዛሬ ብሸጥ» ብሎ ዋጋውን፣ ምክንያቱንና ውጤቱን ይጻፍ። ትርፉንም ኪሳራውንም ሳይደብቅ ደምሮ ወደ ሒሳብ መምህሩ ያምጣው። አብረን እናየዋለን።