መስኮቱ ለምን አልከፈት አለ?

ከቤቱ ተቀምጦ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር የሚሠራ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። በኤስ ኤስ ኤች ይገባል፤ የጽሑፍ ትእዛዙ ሁሉ ይፈጸምለታል፤ ነገር ግን መስኮት የሚከፍተውን ፕሮግራም ሲጠራ «ማሳያውን መክፈት አልተቻለም» የሚል መልስ ይመጣበታል። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልገውም ግራፍ ሳይታይ ይቀራል። የችግሩን ሥር ለማግኘት አስቀድሞ የአሠራሩን ሥርዐት መረዳት ይገባል።

ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዐት በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኤም አይ ቲ ተጀመረ፤ 11ኛው ሥሪት በ1987 ወጣ። በዚህ ሥርዐት ስሙ ሰውን ያሳስታል። «ሰርቨር» የሚባለው ሩቅ ያለው ኮምፒዩተር ሳይሆን፣ በፊታችን ያለውን ስክሪንና ኪቦርድ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው። ሩቅ ያለው ፕሮግራም የእርሱ ደንበኛ ነው። በ1995 በፊንላንድ ታቱ ኢሎነን የሠራው ኤስ ኤስ ኤች ደግሞ በሁለቱ መካከል ምስጢሩ የተጠበቀ መንገድ ይዘረጋል። እንግዲህ ምርመራው በተራ ይሁን።

አንደኛ፤ በፊታችን ባለው ኮምፒዩተር ላይ የኤክስ ሰርቨር መኖሩን እንይ። በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ለማክ ኤክስኳርትዝ፣ ለዊንዶውስም እንደ ኤክስሚንግ ያለ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ስንገባ ከትእዛዙ ጋራ ሰረዝና ትልቁን የላቲን ፊደል ኤክስ እንጻፍ። ትንሹ ኤክስ ግን መንገዱን ይዘጋል።

ሦስተኛ፤ ከገባን በኋላ «ዲስፕሌይ» የተባለው ተለዋዋጭ ምን እንደያዘ እንጠይቅ። «ሎካልሆስት» ብሎ 10.0 ወይም የሚቀጥለውን ቁጥር ካሳየ መንገዱ ተዘርግቷል። ባዶ ቢሆን በእጅ መሙላት አይጠቅምም፤ የሚሞላው ራሱ ኤስ ኤስ ኤች ነውና።

አራተኛ፤ ባዶ ከሆነ አስተዳዳሪው በሩቁ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ነገር ይመልከት፤ ይኸውም በኤስ ኤስ ኤች አገልግሎት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ኤክስ 11ን የማስተላለፍ ፈቃድ መሰጠቱን፣ «ኤክስ ኦት» የተባለውም ትንሽ ፕሮግራም መኖሩን ነው። ተለዋዋጩ ተሞልቶ ሳለ መስኮቱ እምቢ ካለ ግን የራሳችን የፋይል ቦታ ሞልቶ እንደሆነ እንይ፤ ኤክስ ኦት የመግቢያ ምልክቱን የሚጽፍበት ቦታ ያጣልና።

አምስተኛ፤ ሲሠራ ቆይቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ አዲስ መስኮት የማይከፈት ከሆነ፣ ትልቁ ኤክስ የሚሰጠው የተወሰነ ፈቃድ ጊዜው አልፎ ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሰረዝና ትልቁን ዋይ ይጽፋሉ፤ ገደቡም ይነሣል። ነገር ግን በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው፣ እኛ በሌላ መስኮት የምንጽፈውን የይለፍ ቃል እንኳ ለማንበብ ይችላል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ደግሞ፣ ካልተለወጠ በቀር፣ ትልቁ ኤክስም እንደ ዋይ ሙሉ እምነት ይሰጣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ መስኮት የምትከፍተው አስተዳዳሪውን ከምታምነው ኮምፒዩተር ብቻ ይሁን፤ ሥራህንም እንደ ጨረስህ መንገዱን ዝጋ።