አሮጌ ሰዓት ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ያስከፍቱ

ለባለቤትዎ ወይም ለልጅዎ ምርቃት አሮጌ ኦሜጋ የእጅ ሰዓት ሊገዙ የደረሰዎትን ዕቁብ ቋጥረው ይሆናል። «የአባቴ ነበር» የሚለው የሻጭ ቃል ግን ዋስትና አይሆንዎትም።

የ60 ዓመት ሰዓት ፊቱ እንደ አዲስ ሲያበራ ቢያዩ፣ ከመደሰትዎ በፊት ይጠርጥሩ። የሰዓት ፊት እንደገና ይቀባል፣ ይጻፍበታልም። በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱት ፊደሉ ከወፈረ ወይም ከመስመሩ ከወጣ ታድሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት የግድ ሐሰተኛ አይደለም፤ ሆኖም በቀድሞ ፊቱ ካለው እኩል ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም። ትንሽ የወየበ ፊት ይሻላል።

ዋናው ምስክር ያለው ከውስጥ ነው። ሻጩን ይዘው ወደሚያምኑት ሰዓት ሠሪ ይሂዱና ክዳኑ ይከፈት። በእውነተኛ ኦሜጋ ማሽን ላይ የፋብሪካው ስምና የማሽኑ ዓይነት ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። የመለያ ቁጥር ካለው ደግሞ የተሠራበትን ዘመን ለመገመት ይረዳል። የፕላስቲክ መስታወት ባላቸው ብዙ ኦሜጋዎች መካከል በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ የፋብሪካው ምልክት አለች፤ መስታወቱ ተለውጦ ከሆነ ግን ስለማትገኝ በእርሷ ብቻ አይፍረዱ። «ይከፈት» ሲባል የሚያንገራግር ሻጭ ከገጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ፤ ሰዓት እንደሆነ ሞልቷል።

«ወርቅ ነው» ከተባሉ 750 የሚል ማኅተም ይፈልጉ፤ ባለ 18 ካራት ማለት ነው። ማኅተምም ይቀረጻልና አንጥረኛ ይመርምረው። ጠርዙ ላይ ቢጫው ተልጦ ሌላ ብረት ብቅ ካለ ቅብ ነው።

በመጨረሻም ሰዓት ሠሪው የማጽጃውንና የመለዋወጫውን ወጪ ይገምትልዎትና ያንኑ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።