የጎልፍ ዱላን አንድ ባንድ መርጦ ስለ መግዛት

በአገራችን የገናን ጨዋታ የሚወድ ሰው ያገኘውን ዱላ ሁሉ አያነሣም፤ ጫፉ በተፈጥሮው የቈለመመውን እንጨት ፈልጎ፥ በቁመቱና በክንዱ ልክ አስተካክሎ ይይዛል እንጂ። የጎልፍ ጨዋታም የሚሻው ይህንኑ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ብዙ ጀማሪዎች ባንድ ቀን ሙሉ ኮሮጆ ዱላ ይገዙና ግማሹን እንኳ ሳይነኩት ይቀራሉ። የቤት ገንዘብም በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ ዱላን አንድ ባንድ መግዛት እንዴት እንደሚሻል ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ወደድን።

የጨዋታው ሕግ ለአንድ ተጫዋች የሚፈቅደው 14 ዱላ ነው። ይህንንም ወሰን የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም.፥ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ማኅበር ደግሞ በ1939 ዓ.ም. አጸኑት። ሆኖም ይህ፥ ከዚህ አትለፍ የሚል ወሰን ነው እንጂ ይህን ያህል ያዝ የሚል ትእዛዝ አይደለም። አሜሪካዊው ቺክ ኤቫንስ በ1916 ዓ.ም. የአገሩን ታላቅ የጎልፍ ውድድር ያሸነፈው በ7 ዱላ ብቻ ነበር።

አስቀድሞ ሊመረጥ የሚገባው ፓተር የሚባለው፥ ኳስን ወደ ጕድጓድ የሚያንከባልለው ዱላ ነው። ለ18ቱ ጕድጓድ 72 ምት በተመደበበት ሜዳ 36ቱ የታሰበው ለእርሱ ነውና። ቀጥሎ 7 ቍጥር ብረት፥ ከዚያም ኳስን ከአሸዋ የሚያወጣው ዱላ ይገዛል፤ ሩቅ የሚልከው ረዥሙ ዱላ ግን ለኋላ ይቈይ። ብዙ ሰው በእርሱ የሚጀምረው በሰው ፊት የሚያስመካ ስለ ሆነ ነው።

ደግሞም ገዢው በቍጥር ብቻ እንዳይታለል እናሳስባለን። በዱላው ላይ የተጻፈው ቍጥር በሠሪዎች ሁሉ ዘንድ አንድ አይደለም። የአንዱ ሠሪ 7 ቍጥር ፊቱ 34 ዲግሪ ሲያጋድል፥ የሌላው 30 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለት ሠሪዎች የተገዙ፥ ቍጥራቸው የተለያየ ዱላዎች አንድ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በሌላው በኩል ደግሞ የሚሸፍነው ዱላ ያጣ ርቀት ይቀራል። መፍትሔው ዲግሪውን ጠይቆ፥ ከብረት ወደ ብረት 4 ዲግሪ ያህል ማራራቅ ነው።

ከዚህም በኋላ ዱላውን በእጅ ይዞ መፈተን ይገባል። በግራ እጅ ሲጨብጡት የመካከለኛዎቹ ጣቶች ጫፍ የአውራ ጣትን ሥር በጥቂቱ ከነካ፥ መያዣው ልክ ነው። ለመምታት ሲቆሙም የራሱ ታች ከመሬት ጋራ ይስተካከል፤ ጫፉ ወደ ላይ ከተነሣ፥ በቀኝ ለሚመታ ሰው ኳሷ ወደ ግራ ታደላለች።

ይልቁንም አባቶችን የምናሳስበው ስለ ልጆች ነው። የአባትን አሮጌ ዱላ ቈርጦ ለልጅ መስጠት ቍጠባ ይመስላል። ነገር ግን ቢያጥርም ራሱ እንደ ከበደ ነው፤ ዘንጉም በመቈረጡ ከፊት ይልቅ ግትር ይሆናል። ልጁ ሊያነሣው ሲታገል ወገቡን ያጣምማል፤ ኳሷን በሳተ ቍጥርም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ በመጨረሻም ጨዋታውን ይጠላል። በልኩ የተሠሩ 3 ቀላል ዱላዎች ከአባቱ ሙሉ ኮሮጆ ይልቅ ይጠቅሙታል።

እንግዲህ ዱላ የሚገዛው ለክንድ እንጂ ለዓይን አለመሆኑን ያወቀ፥ ገንዘቡንም የልጁንም ደስታ ይጠብቃል።