ማዕድና ረሃብ በአንድ መስኮት

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ የሚኖር ነገር አይደለም። በተለይ ምግብ በፊልም ሲታይ፣ ማን አምርቶት ማን እንደሚበላው የሚያፋጥጥ ጥያቄ ይሆናል። የፖለቲካ ትግል መሣሪያ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሶቪየቱ የፊልም ባለሙያ ሰርጌይ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ውስጥ የመርከበኞቹን ዐመፅ የሚቀሰቅሰው ትል የወረሰው ሥጋ ነው። ሐኪሙ ትሉን በመነጽሩ እያየ ሥጋው ደኅና ነው ይላል! በዚያው ዓመት በታየው «አድማ» ደግሞ የበሬ መታረድና የሠራተኞች መጨፍጨፍ እየተፈራረቁ ይታያሉ። ከሁለቱ ምስሎች ግጭት በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል። ስልቱ ሞንታዥ ይባላል።

ይኸው ስልት በአገራችን ታሪካዊ ሚና ተጫውቷል። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርፆ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ግን ብቻውን አልነበረም። ከተራቡት ሕፃናት ምስል ጋር የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሻምፓኝና ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሥጋ የሚጎርሱ ውሾች እየተፈራረቁ ታዩ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ መኳንንቱ የደበቁትን ረሃብ ያወጣው ግን ፊልም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ኬኩና የረሃቡ ሰፈር የተቀረፁት በአንድ ቀን አልነበረም፤ ያጎራበታቸው የአቀናባሪው እጅ ነው። ቅራኔው ግን የአቀናባሪ ፈጠራ አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በዚያ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት እጅግ እንዳልቀነሰ፣ የጠፋው የወሎ ድኻ የመግዛት አቅም መሆኑን አስረድቷል። እህል ሳለ ሰው ተራበ ማለት ነው።

የዘመሮና የአካባቢው ደገኛ በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን አልነበረውም። ይሁንና የሴንን ትምህርት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ገብሱን ውርጭ ሲመታው በጉን ወደ ገበያ ይነዳል፤ ሁሉም በግ ሲነዳ በግ ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። ጎተራው የሚራቆተው በሰማይ ብቻ ሳይሆን በገበያም ነው።

ሆኖም ታሪክ በዚህ አላበቃም። ያንን ፊልም ያሳየው ሥርዓት ራሱ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድምቀት ሲያከብር፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር፤ ሰሜን ሸዋም አልተረፈም። ጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚንና የቢ.ቢ.ሲ.ው ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ምስል ለዓለም ታየ። አሁን የበዓሉን ሰልፍና የኮረምን ጎሕ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ አቀናባሪ አላስፈለገም፤ እያንዳንዱ ተመልካች በሕሊናው አቀናበረው። በሌላው ላይ የተነሣው መስተዋት ወደ አንሺው ዞረ።

እንግዲህ የቀበሌ ማኅበርተኛውም ሆነ ሠራተኛው የማዕድ ምስል ሲቀርብለት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ምስሉ ማንን ይከሳል? ያቀረበውስ ማን ነው፣ የእርሱ ማዕድ ምን ይመስላል? ሁለተኛውን ጥያቄ የዘነጋ ሕዝብ በአንዱ ግብዣ ተቆጥቶ የሌላውን ግብዣ ያጅባል። ንቃተ ሕሊና ማለት የማንንም ማዕድ ከሕዝብ ጎተራ ጋር እያስተያዩ መመዘን ነው!